ማዳም ቦቫሪን ፍለጋ ወደ ሩዋን

ከፓሪስ ሳን ላዛር ጣቢያ የሚነሳው ባቡር ሩዋን ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ይፈጅበታል። አብዛኛው ቱሪስት የሚሄደው ሠዓሊው ሞኔ ደጋግሞ የሳለውን ካቴድራልና ጃን ዳርክ በእሳት የተቃጠለችበትን አደባባይ ለማየት ነው። እኔን የወሰደኝ የማታ ፈረንሳይኛ ክፍል ነው። ዘንድሮ የደረሰን መጽሐፍ የጉስታቭ ፍሎቤር «ማዳም ቦቫሪ» ነው። አብራኝ የሄደችው የአክስቴ ልጅ ነርስ ናት፤ ልብ ወለድ የሚባል ነገር አትወድም። ደራሲው ተወልዶ ያደገው ሆስፒታል ውስጥ ነው ስላት ግን «እሱን እንኳ አያለሁ» ብላ ተነሳች።

ባቡሩ ላይ ታሪኩን ነገርኳት። ኤማ የገበሬ ልጅ ናት። ገዳም ትምህርት ቤት የፍቅር መጽሐፍ ስታነብ አድጋ ሻርል ቦቫሪ የሚባል የገጠር ጤና መኮንን አገባች። ሰውዬው ደግ ነው፤ ወሬው ግን እንቅልፍ ያመጣል። ሰለቻት። ውሽማ ያዘች፣ ሁለተኛም ያዘች። በዱቤ ልብስና መጋረጃ ስትገዛ ዕዳው አንገቷ ድረስ መጣ። በመጨረሻ አርሰኒክ የሚባል መርዝ ቃመች። «ይኼው ነው?» አለችኝ። ታሪኩ በእርግጥ ይኼው ነው። ጉዱ ያለው አጻጻፉ ላይ ነው።

ኦቴል ዲዩ የሚባለው የድሮ ሆስፒታል ዛሬ የመንግሥት አስተዳደር መሥሪያ ቤት ሆኗል። አንደኛው ክንፍ ግን የፍሎቤርና የሕክምና ታሪክ ሙዚየም ነው። አባቱ የሆስፒታሉ ዋና ቀዶ ሐኪም ስለነበር ቤተሰቡ የሚኖረው እዚያው ግቢ ነበር። ጉስታቭ የተወለደውም እዚሁ ነው፣ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 12 ቀን 1821። የተወለደበትን ክፍል ቶሎ አይተን አለፍን። የአክስቴ ልጅ ተገትራ የቀረችው በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የጨርቅ ሴት ጋ ነው። ማዳም ዱ ኩድሬ የተባለች አዋላጅ በየክፍለ አገሩ እየዞረች የገጠር ሴቶችን ማዋለድ ያስተማረችበት ነው። ዳሌ፣ ማህፀን፣ ሕፃን፣ እትብት፣ ሁሉም ከጨርቅ የተሰፋ። ከዚህ ዓይነቱ ዛሬ የቀረው ይኼ ብቻ ነው። «እኛ የተማርንበት ፕላስቲክ ከዚህ አይሻልም» አለች።

የቀዶ ጥገና መሣሪያዎቹ ጋ ስንደርስ መጽሐፉን አውጥቼ የኢፖሊትን ምዕራፍ ተረኩላት። ኢፖሊት የሆቴል አሽከር ነው፤ እግሩ ከተወለደ ጀምሮ የተጣመመ ቢሆንም እንደ ልቡ ይሮጥበታል። ፋርማሲስቱ ኦሜ ስለ ሳይንስ ማውራት የሚወድ ጉረኛ ነው። እሱና ኤማ ሻርልን ገፋፍተው አስቀደዱት። ሻርል ጅማቱን ቆረጠና እግሩን እንጨት ሣጥን ውስጥ አሰረው። እግሩ አበጠ። ሣጥኑን አወለቁ። እብጠቱ ትንሽ ጎደል ሲል መልሰው አሰሩት፤ ያውም ከበፊቱ አጥብቀው።

«መልሰው?!» አለች የአክስቴ ልጅ፣ ሙዚየሙ ውስጥ ሰው እስኪዞር ድረስ። «ይኼ እኮ ጋንግሪን ነው!»

ጋንግሪን ሆነ፤ እግሩ በሰበሰ። ከሌላ ከተማ የመጣ ሐኪም እግሩን ከጭኑ ቆረጠው።

ያኔ ነው ሙዚየሙ ለምን እንደሚጠቅም የገባኝ። ፍሎቤር በአንድ ደብዳቤው ስለ ልጅነቱ ሲያወራ፣ የሬሳ መመርመሪያው ክፍል መስኮት ወደ አትክልት ቦታው ያይ እንደነበር ይናገራል። ከእህቱ ጋር አጥሩን ተንጠላጥለው ሬሳ ያዩ ነበር። እነሱና አበባው ላይ የሚዞሩት ዝንቦች ሬሳው ላይ አርፈው ይመለሳሉ። አባትየው ከሥራው ቀና ብሎ ሂዱ ይላቸዋል። ልብ ወለዱ ውስጥ ኤማ ስትሞት ከሩዋን የሚጠራ ላሪቪዬር የሚባል ትልቅ ሐኪም አለ፤ ብዙዎች አባቱ ነው ይላሉ። የሐኪሙ ዓይን ከቢላዎቹ የበለጠ የተሳለ ነው ተብሎ ተጽፏል። ልጁ ቢላዋውን ባይወርስም ዓይኑን ወርሷል።

ካቴድራሉ ውስጥ ኤማ ሁለተኛ ውሽማዋን ሌዎንን የምታገኝበት ትዕይንት አለ። ሌዎን ሊያብድ ነው፤ አስጎብኚው ግን አይለቃቸውም፣ ይኼን መቃብር እዩ፣ ያንን ሐውልት እዩ ይላል። ሊያመልጡ ሲሉ ያኔ ገና በመሠራት ላይ ስለነበረው የካቴድራሉ የብረት ጫፍ ይጮህባቸዋል፦ 440 ጫማ ይሆናል፣ ከግብፁ ትልቅ ፒራሚድ በዘጠኝ ጫማ ብቻ ያንሳል! ደራሲው ያ ፒራሚድ ላይ በ1849 ወጥቶ ስለነበር ቀልዱን ያወቀበት ይመስለኛል። ጫፉ ዛሬ 151 ሜትር ነው፤ ሥሩ ቆሞ ቀና ያለ አንገቱን ያመዋል።

ከዚያ ሁለቱ ጋሪ ይሳፈራሉ። መጋረጃው ተዘግቶ ከተማዋን ከቀትር በፊት እስከ ምሽት ይዞራሉ። ውስጥ የሆነውን ደራሲው አንድ ቃል አይነግረንም። ጓንት ያላጠለቀ እጅ በመጋረጃው ሾልኮ የተቀዳደደ ወረቀት ሲበትን ብቻ እናያለን። በ1856 ልብ ወለዱን በተከታታይ ያወጣው መጽሔት ይኼን ክፍል ፈርቶ ቆረጠው። አላዳነውም። በቀጣዩ ዓመት ደራሲውም መጽሔቱም የሕዝብን ሞራል ደፍራችኋል ተብለው ፓሪስ ፍርድ ቤት ቀረቡ፣ የካቲት 7 ቀን 1857 በነፃ ተለቀቁ። ክሱ ለመጽሐፉ ከማንም የተሻለ ማስታወቂያ ሆነለት።

ክሩዋሴ ከከተማው ወጣ ብሎ ሴን ወንዝ ዳር ነው። ፍሎቤር መጽሐፉን የጻፈበት ቤት ፈርሷል፤ የቀረችው ከወደብና ከፋብሪካ መሀል የተረሳች አንዲት ትንሽ የአትክልት ቤት ናት። እንዳጋጣሚ ተዘግታ ስለነበር ከውጭ አየናት። ለአንድ መጽሐፍ አምስት ዓመት ገደማ የፈጀው እዚህ ነው። ዓረፍተ ነገሩን ጮክ ብሎ እያነበበ፣ ጆሮው ካልወደደው እየሰረዘ። የግብርና ትርኢቱ ምዕራፍ ብቻ ወራት ወስዶበታል። የምንጊዜም ምርጤም እሱ ነው፦ ፎቅ ላይ የመጀመሪያ ውሽማዋ የሚሆነው ሮዶልፍ የኤማን እጅ ይዞ ስለ ዕጣ ፈንታና ስለ ፍቅር ያወራል፤ ታች መድረኩ ላይ የፍግ ሽልማት ይታወጃል። ረቂቆቹ ከአራት ሺህ ገጽ በላይ ናቸው፤ ሩዋን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጠዋል። ኢንተርኔት ላይም ስላሉ ስርዝ ድልዙን ቤታችሁ ሆናችሁ ማየት ትችላላችሁ።

በመጨረሻ ሪ የምትባል መንደር ሄድን፣ ከሩዋን በስተምሥራቅ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ። መንደሯ «የኤማ አገር እኔ ነኝ» ትላለች። እዚህ ደልፊን ደላማር የምትባል የጤና መኮንን ሚስት በ1848 ገና በወጣትነቷ ሞታለች፤ ባሏ የፍሎቤር አባት ተማሪ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስሟ ተጽፏል፣ ከሥሩም «ማዳም ቦቫሪ» የሚል ተጨምሮበታል። ከደጃፉ የእንጨት ቅርጽ በቀር ብዙ የሚታይ ነገር አላገኘሁም። አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ሪን ቢተዋት ምንም አይቀርበት።

«እሱ ራሱ እሷ ናት ብሏል?» አለች የአክስቴ ልጅ።

«ኧረ ክዷል። ለአንዲት አንባቢው ታሪኩ ሙሉ በሙሉ የፈጠራ ነው ብሎ ጽፏል። ገና እየጻፈው ሳለ ደግሞ ለወዳጁ ምን አላት መሰለሽ፦ ምስኪኗ ቦቫሪዬ በዚህች ሰዓት በሃያ የፈረንሳይ መንደሮች እየተሰቃየች ታለቅሳለች።»

«ሃያ ብቻ?» አለችና የአውቶቡሱን ሰዓት ልታይ ስልኳን አወጣች።