ከእማዬ ነጠላ የወጡ ሰባት ከረጢቶች

ሐዋሳ ውስጥ በክረምት ቁም ሳጥን የከፈተ ሰው ያውቀዋል። ሐይቁ ቅርብ ነው፣ ዝናቡም ፋታ አይሰጥም። የታጠበ ልብስ ሁለት ቀን ገመድ ላይ ይውላል። ደርቋል ብዬ አጣጥፌ አስገባዋለሁ፤ በሳምንቱ ሳወጣው እምክ እምክ ይላል።

ለዓመታት መላዬ ናፍታሌን ነበር። ባለፈው ግንቦት ግን የአራት ዓመቷ ልጄ ከመሳቢያው አንዷን ነጭ ፍሬ አውጥታ «እማዬ፣ ከረሜላ ነው?» አለችኝ። ከንፈሯ ጋ ደርሳ ነበር። ነጥቄ ጣልኩት። እጄ እስኪመሽ ሲንቀጠቀጥ ዋለ። ናፍታሌን ከተዋጠ መርዝ ነው። ቀይ የደም ሴልን ያፈርሳል፤ በተፈጥሯቸው ለዚህ የተጋለጡ ጨቅላዎች ደግሞ ናፍታሌን ውስጥ በቆየ ልብስ መጠቅለል ብቻ ሊጎዳቸው ይችላል። በዚያው ቀን ሁሉንም ለቅሜ አስወጣሁ።

ያኔ ትዝ ያለኝ ደብረ ብርሃን ያለው የእማዬ ሳጥን ነው። ሲከፈት አሪቲና ጠጅ ሳር ነበር የሚሸተው። በልብሶቹ መሃል እስር እስር አድርጋ ታስቀምጠው ነበር። እኔ ጋ ደግሞ ለመልሴ የሰጠችኝ ባለ አረንጓዴ ጥበብ ነጠላ አለ። ትከሻው ላይ ሳስቶ ሦስት ቦታ ተቀዷል። ለመወልወያ አይደረግ፣ አይጣል። ከሱ፣ አሪቲ ተሞልተው በልብስ መሃል የሚቀመጡ ትንንሽ ከረጢቶች ልስፋ አልኩ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ተበላሸ። ከገበያ ያመጣሁትን አሪቲ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣ ደርቋል ብዬ ከረጢት ውስጥ ጠቀጠቅኩት። ከአሥር ቀን በኋላ ሻግቶ፣ የባለቤቴ ነጭ ሸሚዝ ላይ ቢጫ እድፍ ለቆ አገኘሁት። እማዬ ጋ ደወልኩ።

«አሪቲ ፀሐይ ላይ ይሰጣል እንዴ? ሽታውን እኮ ነው ፀሐይ የሚበላው! ጥላ ላይ አድርጊው። በእጅሽ ስታሺው ካልተንኮሻኮሸ አልደረቀም። ግንዱንም ሰብሪው፤ ቀጭ ማለት አለበት።»

ግንዱን! እኔ ቅጠሉን ብቻ ነበር የዳሰስኩት። እርጥበቱ ለካ የተደበቀው እዚያ ነው።

በሁለተኛው ዙር ሰፌድ ላይ በትኜ፣ ነፋስ ያለበት ክፍል ውስጥ ጥላ ላይ ሁለት ሳምንት አቆየሁት። በየቀኑ አገላብጠው ነበር። ለአንድ ከረጢት አንድ እፍኝ አሪቲ፣ ግማሽ እፍኝ በመቀስ የተቆራረጠ ጠጅ ሳርና ስድስት ፍሬ ቅርንፉድ ይበቃል። ቅርንፉዱን ሙቀጫ ውስጥ ሰበር ሰበር ማድረግ ነው እንጂ መውቀጥ አያስፈልግም። ዱቄት ከሆነ በነጠላው ቀዳዳ ይወጣና ልብስ ያቆሽሻል።

ነጠላ ለዚህ ሥራ እንደተፈለገ ነው። ጥጥ ነው፣ ሽመናው ሳሳ ያለ ነው፣ ሽታው እንደ ልቡ ያልፋል። ችግሩ ጫፉ ነው። መቀስ ሲነካው ክሩ ይተረተራል። ስለዚህ ከስፌቱ ውጪ ሁለት ሁለት ሳንቲሜትር ተውኩ። ጨርቁን ደርቤ፣ 15 በ30 ሳንቲሜትር ቆርጬ፣ በግልባጩ አጥፌ ሰፋሁት። ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍት ቦታ ትቼ ገለበጥኩት፣ ሞላሁት፣ ዘጋሁት። በእጅ ነው የሰፋሁት። ማታ ማታ፣ ልጄ ከተኛች በኋላ። ከጤነኛው ክፍል ሰባት ወጣ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሽታው ብቻውን ብል አይገድልም። ልብስ የሚበላው በራሪዋ ሳትሆን ትሏ ናት፤ እሷም በተለይ ሱፍ ነው የምትወደው። ሹራብና ካፖርት ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ ነው መቀመጥ ያለበት። እርጥብ ልብስንም ከረጢቱ አያድንም። ከረጢቱ የሚሠራው ደረቅና ንጹሕ ልብስ ላይ ነው። ሽታው ሲደክም በእጅ ጨመቅ ጨመቅ ሲያደርጉት ይነቃል። ጭራሽ ሲጠፋ ስፌቱን ፈትቶ ቅጠሉን መቀየር ነው።

አንዱን ልጄ ወሰደችው፤ ትራሷ ሥር ነው። አንዱን መንገደኛ አግኝቼ ለእማዬ ላክሁ። እንደደረሳት ደወለች። ስለ ሽታው ምንም አላለችም።

«ጥበቡንስ ምን አደረግሽው?» አለችኝ።

አልቆረጥኩትም። ተጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ከላዩ አንድ ከረጢት አድርጌበታለሁ።