ቁጥሩን ያላነበበው ባልደረባችን

ሬዲዮን ትተው ወደ ቴሌቪዥን፣ ወደ ሕዝብ ግንኙነት ወይም ወደ ራሳቸው የዩቲዩብ ቻናል የሄዱ ብዙ ባልደረቦች አሉኝ። አብራሪ የሆነ ግን አንድ ብቻ ነው። የጠዋቱን ዜናና የትራፊክ መረጃ ያነብልን ነበር። ስሙን አልጠቅስም፤ እሱም አይወድም።

ድምፁ አድማጭን የሚያስደነግጥ ዓይነት አልነበረም። የሚለየው አሠራሩ ነው። ቴክኒሻኑ በመስተዋቱ ማዶ ሆኖ «ከማስታወቂያው በኋላ ስልክ 2፣ ከዚያ ዜና» ሲለው፣ ሌሎቻችን አውራ ጣታችንን አሳይተን እናልፋለን። እሱ ግን ቃል በቃል መልሶ ይደግምለታል፦ «ከማስታወቂያው በኋላ ስልክ 2፣ ከዚያ ዜና።» በእሱ ፈረቃ ያልታሰበ መስመር አየር ላይ ሲገባ ትዝ አይለኝም።

እስካሁን የሚያበግነኝ ነገር የሆነው ግን አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ የአውቶቡስ አደጋ ደርሷል። ዜና ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ሌላ ጣቢያ የሟቾችን ቁጥር ተናገረ። እኛ ግን ከትራፊክ ፖሊስ ያገኘነው የአደጋውን መድረስ ብቻ ነበር። የዚያን ጊዜው ኃላፊያችን ስቱዲዮ ድረስ ገብቶ ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ከፊቱ አኖረለት። ባልደረባዬ አየው፤ ገልብጦ አስቀመጠው። ማይኩ ሲከፈት «አደጋው መድረሱን ፖሊስ አረጋግጦልናል፤ የተጎዱትን ሰዎች ቁጥር ግን ገና አላገኘንም፤ እንዳገኘን እናሳውቃለን» ብሎ ወደሚቀጥለው ዜና አለፈ።

ሲወጣ ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀው።

«ለምን አላነበብከውም?»

«ከየት እንደመጣ አላውቅማ፣ ጋሼ።»

«ሁሉም እያወራው አይደል እንዴ!»

«ሁሉም ከአንድ ሰው ሰምቶ ቢሆንስ?»

«ያንተ ሥራ ማንበብ ነው። ሬዲዮ ዝም ለሚል ሰው ደመወዝ አይከፍልም!»

«ዝም አላልኩም፤ የምናውቀውን ተናግሬያለሁ። በዚያ መስመር ዛሬ ንጋት ላይ ሰው የሸኘ ቤተሰብ እየሰማን ነው። ነገ ‹ተሳስተን ነበር› ብንለው ዛሬ ያለቀሰውን አንመልስለትም።»

ድምፁ ከዜና ንባቡ ከፍም ዝቅም አላለም። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፤ ስለ ጋዜጠኝነት በክፍልም በሥልጠናም ከተነገረኝ ሁሉ እንደዚያ አጭር ንግግር የገባኝ የለም። ኃላፊው መልስ አልሰጠውም። በማግስቱ ፖሊስ ይፋ ያደረገው ቁጥር በየጣቢያው ሲነገር ከዋለው ያነሰ ሆነ። በስብሰባችን ግን ጉዳዩን ያነሳ አልነበረም። ሳምንቱ ሳያልቅ እሱ ከጠዋት ዜና ተነስቶ የሌሊት ሙዚቃ ላይ ተመደበ።

ሌሊቱን በዘፈንና በዘፈን መሃል ሒሳብና ፊዚክስ ሲያነብ እንደነበር ያወቅነው የመልቀቂያ ደብዳቤውን ሲያስገባ ነው። የጽሑፍ ፈተናውን፣ ቃለ መጠይቁን፣ የጤና ምርመራውን ሁሉ ለማንም ሳይተነፍስ አልፎ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ቡና ስንጠጣ ስለ ሥራው ጠየቅኩት። ያወራልኝ ስለ ደመና አልነበረም፤ ስለ ሬዲዮ ነው። የበረራ ግንኙነታቸው ከእኛ ኤፍኤም በላይ፣ ከ118 ሜጋኸርዝ ጀምሮ ባለው ሞገድ ላይ ነው፤ አሠራሩ ግን እስከ ዛሬ ኤኤም ነው። በኤፍኤም ሁለት ሰው እኩል ቢናገር ጠንካራው ሞገድ ደካማውን ስለሚውጠው፣ ሌላ ሰው መናገሩን እንኳ ሰሚው አያውቅም። በኤኤም ግን ንግግሮቹ ሲደራረቡ ፉጨት ይሰማል፤ ያልተሰማ ነገር እንዳለ ይታወቃል።

ከዚያ ስለ ቴኔሪፍ ነገረኝ። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በካናሪ ደሴቶች፣ በጭጋግ ውስጥ፣ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች መንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች አለቁ። አንደኛው ሳይፈቀድለት ለመነሳት መንደርደር ጀምሮ ነበር። የመቆጣጠሪያው ሰው «ጠብቅ፤ እጠራሃለሁ» ሲል፣ ሌላኛው አውሮፕላን ደግሞ «ገና መንደርደሪያው ላይ ነን» ሲል፣ ሁለቱ ንግግሮች ተደራርበው ለሚንደረደሩት አብራሪዎች በፉጨት ተሸፈኑ። ፉጨቱን ሰሙ፤ «ምን አላችሁ?» ብሎ መልሶ የጠየቀ ግን አልነበረም።

«ለዚህ ነው ፈቃድ ሲሰጠን መልሰን የምንደግመው» አለኝ። «ካልደገምከው አልሰማህም። ካልሰማህ አትንቀሳቀስም።»

ወዲያው ያ ቁራጭ ወረቀት ትዝ አለኝ። «ለመሆኑ የለቀቅከው በዚያ አውቶቡስ ጉዳይ ነው?» አልኩት።

«ኧረ በፍጹም! ቦሌ አጥር ሥር ኳስ እየተጫወትን ካደግንበት ጊዜ ጀምሮ የምመኘው ሥራ ነው። ጋሼ የሌሊት ፈረቃ ባይሰጡኝ ኖሮ እንዲያውም የማጠኛ ጊዜ ከየት አገኝ ነበር?»

እሱ እንዲህ ይላል። ቂም የማይዝ ሰው ስለሆነ ይመስለኛል እንጂ እኔ አላመንኩትም። የሌሊት ፈረቃ ላይ በተመደበ ሰሞን የጠዋቱን ዜና እየቀዳ ወስዶ ቤቱ ያዳምጥ እንደነበር ቴክኒሻኑ ነግሮኛል። ለአየር መንገዱ ጥሩ አብራሪ በመሆኑ ከልቤ ደስ ይለኛል። ሆኖም የጠዋት ዜናችን እሱን የመሰለ አንባቢ አላገኘም፤ አሁን አዳዲስ ልጆችን የማሠለጥነው እኔ ስለሆንኩ፣ የቴክኒሻኑን ትእዛዝ መልሶ ያልደገመ ማይክ አይከፈትለትም።