ጆሮዋን መንካት ያቃታት የካርቱን ልጅ

በ2014 ዓ.ም. ክረምት ለአንድ የሕፃናት መጽሐፍ 16 ሥዕሎች ልሠራ ተስማማሁ። የታሪኩ ባለቤት እናቷ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ለከፈተችው የዓሣ ጥብስ ቤት ሎሚና ቃሪያ በቅርጫት ተሸክማ የምትመላለስ የ8 ዓመት ልጅ ናት። ሥዕሎቹን ጨርሼ ባስረከብሁ በአራተኛው ቀን አሠሪዬ ሁሉንም መለሰልኝ፤ «ገጽ 3 ላይ ገና አፏን ያልፈታች ሕፃን ትመስላለች፤ ገጽ 9 ላይ ደግሞ ለትዳር ደርሳለች» አለኝ። እኔም «ካርቱን እኮ ነው!» ብዬ ተከራከርሁ። ያን መልሴን ሳስታውሰው ዛሬም ያሳፍረኛል።

የሚያሳፍረኝም መደበኛ ሥራዬ ታፔላ መጻፍ ስለሆነ ነው። ታፔላ ስጽፍ ጠመኔ የተቀባ ክር ወጥሬ ሰሌዳውን ሳልከፋፍል የመጀመሪያዋን ፊደል አልነካም፤ እንዲያ ካልተደረገ «ምግብ» የሚለው ቃል ተንሰራፍቶ ይቀመጥና «ቤት» የሚለው ዳር ላይ ተጨናንቆ ይቀራል። ሰው ስስል ግን ከዓይን እጀምርና ፊቱን አሳምሬ ቁልቁል እወርዳለሁ፤ እግር የሚደርሰው ከወረቀቱ የተረፈው ቦታ ብቻ ነው። የገጽ 3 ልጅ እግሯ ያጠረው ወረቀቱ ስላለቀብኝ እንጂ ሕፃን ላደርጋት አስቤ አልነበረም።

ስለዚህ ሁለተኛውን ዙር በመለካት ጀመርሁ። ሠዓሊዎች መለኪያ የሚያደርጉት ከአናት እስከ አገጭ ያለውን የራስ ቁመት ነው። አዋቂ ሰው በአማካይ 7 ራስ ተኩል ያህል ይቆማል፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን ግን ከ4 ራስ ብዙም አያልፍም። የአዋቂ ቁመት እኩሌታ ጭኖቹ ከሚገናኙበት አካባቢ ያርፋል፤ ክንዱ ሲንጠለጠል የእጁ አንጓ እዚያው ደረጃ ላይ ይደርሳል፤ ክርኑ ወገቡ አጠገብ ይውላል። ዓይን የጭንቅላት እኩሌታ ላይ መሆኑን ስሰማ አላመንሁም፤ መስታወት ፊት ቆሜ በእርሳስ ከለካሁ በኋላ ነው የተቀበልሁት። እስከዚያ ድረስ ለሳልኋቸው ሰዎች ሁሉ ግንባር ነፍጌአቸው ኖሬአለሁ። ልክን አውቆ መጣስ ሌላ ነገር ነው፤ በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ያሉት ዓይኖች ከተፈጥሮ የገዘፉ ናቸው፣ ሆኖም ሠዓሊው የአንዱን አግዝፎ የሌላውን ስለማያሳንስ ማንም አይደናገርም።

ልጅቷን በመጀመሪያ 3 ራስ አደረግኋት፤ ታምራለችና። ቅርጫቱን በአናቷ ላይ አስቀምጬ እጇ እንዲደግፈው ስሞክር ግን ክርኗ ከጉንጯ አላልፍ አለ። ለሁለት ቀን ክንዷን ሳስረዝምና በላጲስ ሳጠፋ ከቆየሁ በኋላ የድሮው የትምህርት ቤት ምዝገባ ትዝ አለኝ። የልደት የምስክር ወረቀት ያልነበረው ልጅ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን እንዲነካ ይታዘዝ ነበር፤ ካልደረሰ «ለከርሞ ና» ይባላል። ፈተናው በዕድሜ ላይ ፍርድ ለመስጠት ትክክል ነው ባይባልም፣ መነሻው ግን ሠዓሊ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው፦ ሕፃን ሲያድግ ጭንቅላቱ በዝግታ፣ እጅና እግሩ ግን በፍጥነት ስለሚረዝሙ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክንዱ ጭንቅላቱን መዞር አይችልም። ልጅቷን ለከርሞ ልልካት ስለማልችል 4 ራስ አደረግኋት። ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ የምትታይበትን አንድ ወረቀት በእኩል መስመሮች ከፋፍዬ ከጠረጴዛዬ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍሁ፤ ከዚያ በኋላ የሳልሁትን እያንዳንዱን ገጽ ከእርሱ ጋር አመሳከርሁ። ጎንበስ ስትል ቁመቷ እንደሚያጥር፣ የጭኗና የክንዷ ርዝመት ግን እንዳለ እንደሚቆይ ለመልመድ ጊዜ ወስዶብኛል።

ልኩ ከተስተካከለ በኋላም ሰዎቼ እንደ ቆመ እንጨት ደርቀው ቀሩ። ለዚህ ነው ጠዋት ጠዋት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል መውረድ የጀመርሁት። አንድ ቀን ጀልባ በገመድ ወደ ዳር የሚስብ ሰው ስስል፣ መረብ ይጠግኑ የነበሩ አንድ አዛውንት ከኋላዬ ቆመው ተመለከቱና፣ «ልጄ፣ ይሄ ሰው ጀልባ አይጎትትም፤ ፎቶ እየተነሣ ነው» አሉኝ።

«ምኑ ላይ ነው፣ አባባ?»

«እስቲ ገመዱ ቢበጠስ ይወድቃል ወይ?»

አይወድቅም ነበር። የእኔ ሰው ቀጥ ብሎ በሁለት እግሩ ቆሞ፣ ክንዶቹን ብቻ ዘርግቷል። እውነተኛው ጎታች ግን ዳሌውን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ተረከዙን አሸዋው ውስጥ ቀብሮ፣ ሙሉ ክብደቱን ለገመዱ አስረክቧል። ዝም ብሎ ለቆመ ሰው ከአንገቱ ጎድጓዳ ቁልቁል የሚወርድ መስመር ክብደቱን በተሸከመው እግር ላይ ወይም በሁለቱ እግሮች መካከል ማረፍ አለበት፤ ለሚጎትት ሰው ግን ያ መስመር ከእግሮቹ ውጭ መውደቅ አለበት፣ እንዳይወድቅ የያዘው ገመዱ ነውና። ከዚያ ወዲህ ፊት ከመሳሌ በፊት የደረትንና የዳሌን ዝንባሌ በሁለት መስመር አስቀምጣለሁ።

እዚያው የዓሣ ትርፍራፊ የሚጠብቁት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም አንድ ነገር አስተምረውኛል። ጉልበታቸው ወደ ኋላ የሚታጠፍ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ መሃል ላይ የሚታጠፈው ቁርጭምጭሚታቸው ነው፣ ጉልበታቸው ላባው ውስጥ ተደብቋል። ገጽ 12 ላይ ያለውን አባ ኮዳ እንደ ሰው ወንበር ላይ ማስቀመጥ የቻልሁት ይህን ካወቅሁ በኋላ ነው።

በሁለተኛው ዙር ከ16ቱ 14ቱ አለፉ። የተመለሱት ሁለቱ እጇ በቅርብ የሚታይባቸው፣ ሎሚ የምትጨምቅባቸው ገጾች ነበሩ። መዳፍ ሲገለበጥ የክንድ ሁለት አጥንቶች አንዱ በሌላው ላይ እንደሚጠላለፉ ስላላስተዋልሁ፣ ክንዷን እንደ ቧንቧ ድቡልቡል አድርጌው ነበር። ግማሽ ኪሎ ሎሚ ገዝቼ በግራ እጄ እየጨመቅሁ በቀኜ ስስል ሳምንት ቆየሁ።