የዘጠናዎቹን ኮሚኮች እንደገና ሳነባቸው

ሰሞኑን ማታ ማታ ስራዬ የዘጠናዎቹን የሱፐርሂሮ ኮሚኮች እንደ አዲስ ማንበብ ሆኗል። ዘጠናዎቹ ስል የፈረንጆቹን ነው፣ ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶችም በሙሉ በነሱ አቆጣጠር ናቸው። ስለ ኮሚክ የሚያወራ ሰው ይሄን ዘመን ካነሳህበት ፊቱን ያጨማድዳል፣ ጡንቻ ብቻ ጠመንጃ ብቻ ይልሃል፣ ውሸቱንም አይደለም። ግን እኔ ኮሚክን የወደድኩት በነዚህ ነው፣ ስለዚህ አሁን ቁጭ ብዬ ሳያቸው አንድ ነገር እየከነከነኝ መጣ፣ ያን ሁሉ ጉድ ያመጣውም ያን ሁሉ ጥሩ ነገር ያመጣውም ጸብ አንድ ነው፣ "ይሄ የፈጠርኩት ነገር የማን ነው?" የሚለው።

መጀመሪያ ጉዱን ልናገር። የሮብ ላይፍልድን ስዕሎች ስታዩ እግር ፈልጉ፣ ወይ ጭስ ውስጥ ነው፣ ወይ ድንጋይ ጀርባ ነው፣ ወይ ስዕሉ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቆረጣል። ወገብ ላይ ኪስ፣ ታፋ ላይ ኪስ፣ ክንድ ላይ ኪስ፣ ከኪሱ ግን ማንም ምንም ሲያወጣ አታዩም። ሁሉም ጥርሱን ነክሶ ነው የሚያወራው፣ ሰላም ሲልም ጭምር። ሴቶቹ የሚሳሉበት መንገድማ ዛሬ ሳየው ያሳፍረኛል፣ ሰው በዛ ወገብ ሊቆም አይችልም፣ ደግሞ ይሄ የላይፍልድ ብቻ ችግር አልነበረም፣ ጎበዝ የሚባሉትም እንደዛው ነው የሚስሉት። ቢሆንም የሳለው ኤክስ ፎርስ የሚባለው ኮሚክ ቁጥር 1፣ ማለትም የመጀመሪያው እትም፣ በ1991 ሲወጣ ላይፍልድ ገና 23 ዓመቱ ነበር፣ ገጹ ላይ ያለው ጉጉት የምር ጉጉት ነው፣ ልጁ የሚስለውን እየወደደ እንደሚስል ያስታውቃል፣ ስለዚህ ስዕሉን እያየሁ ልቆጣ ብል አይሆንልኝም።

የሚያናድደኝ ሽያጩ ነው። ያው ኤክስ ፎርስ በላስቲክ ታሽጎ ነበር የሚሸጠው፣ ውስጡ ከአምስት ካርዶች አንዱ አለ፣ አምስቱንም የፈለገ ሰው ያንኑ ኮሚክ አምስቴ መግዛት አለበት። በዛው ዓመት የወጣው የክሪስ ክሌርሞንትና የጂም ሊ ኤክስ ሜን ቁጥር 1 ደግሞ በአምስት ዓይነት ሽፋን ነው የወጣው፣ አራቱ ሲገጣጠሙ አንድ ትልቅ ስዕል ይሆናሉ፣ አምስተኛው ሙሉውን ይዞታል፣ እና ከ8 ሚሊዮን ኮፒ በላይ ሸጠ። 8 ሚሊዮን አንባቢ ግን አልነበረም፣ አንዱ ሰው ደጋግሞ ይገዛ ነበር፣ ብዙዎቹ ገዢዎችም ነገ ዋጋው ይጨምራል ብለው በካርቶን ያስቀመጡ ሰዎች ናቸው። ከዛ በኋላ የሚያብረቀርቅ ፎይል፣ ሆሎግራም፣ ጨለማ ውስጥ የሚያበራ ቀለም፣ የቀረ ነገር የለም። በ1993 የወጣው ብለድስትራይክ ቁጥር 1 ሽፋኑ ላይ ያለውን ደም በጣትህ ስታሸው ከሙቀቱ የተነሳ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። አውራ ጣቴን አድርጌ ደጋግሜ እንዳሸሁት አስታውሳለሁ፣ ውስጡ ያለው ታሪክ ግን አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም፣ በዚህ ሳምንት እንደገና አንብቤውም ያው ነው።

አወዳደቁ ብዙም አያስደንቅም። የኮሚክ ሱቆች ያዘዙትን እቃ ለአከፋፋዩ መመለስ አይችሉም ነበር፣ ካልተሸጠ ኪሳራው የባለሱቁ ነው። ሰው ሁሉ ያስቀመጠው ኮሚክ ደግሞ ብርቅ ሊሆን አይችልም፣ ሱፐርማን መጀመሪያ የወጣበት የ1938ቱ አክሽን ኮሚክስ ቁጥር 1 ውድ የሆነው አብዛኛው ተጥሎ ስላለቀ ነው። ገዢዎቹ ይሄ ሲገባቸው ሄዱ፣ በየሱቁ ያልተሸጠ ክምር ቀረ፣ ብዙ ሱቅ ተዘጋ፣ የነኤክስ ሜን አሳታሚ ማርቭል ራሱ ዕዳ ውስጥ ገብቶ በታህሳስ 1996 ፍርድ ቤት ሄዶ መክሰሩን አሳወቀ።

አሁን ወደምወደው ልምጣ።

ሱፐርማን የሞተበት ቁጥር 75 የወጣው በህዳር 1992 ነው፣ እሱም በጥቁር ላስቲክ ታሽጎ፣ የሀዘን የክንድ ጨርቅ ሁሉ ውስጡ ተጨምሮ፣ ማለትም የዛ ዘመን የሽያጭ ብልሃት አንድም አልቀረውም። ብዙ ሰው ላስቲኩን ሳይከፍት አስቀምጦት ቀረ፣ እኔ ደግሞ በጣም የማዝነው በዚህ ነው፣ ምክንያቱም ውስጡ ያለው ስራ ልክ እንደዛ ታስቦበት የተሰራ ነው። ውጊያው በአራት ተከታታይ እትሞች ነው የሚሄደው፣ በመጀመሪያው እያንዳንዱ ገጽ አራት የስዕል ሳጥን አለው፣ በሚቀጥለው ሶስት፣ በሚቀጥለው ሁለት፣ በመጨረሻው በቁጥር 75 አንድ ገጽ አንድ ስዕል ብቻ። ማንም አይነግርህም። እያነበብክ ስትሄድ ሳጥኖቹ እየተለቁ፣ ቃሉ እያነሰ፣ የምትገልጥበት ፍጥነት እየጨመረ ይመጣል፣ ልክ የልብ ምት ሲፈጥን ማለት ነው፣ መጨረሻ ላይ እጮኛው ሎይስ አቅፋው ስታለቅስ ገጹ ውስጥ ሌላ የምታይበት ቦታ የለም። ቁጥር 75ን ጽፎ የሳለው ዳን ጀርገንስ ነው። ልጅ ሆኜ ሳጥኖቹን አልቆጠርኩም፣ ትንፋሽ እንዳጠረኝ ግን አስታውሳለሁ። አሁን ቆጥሬ ደረስኩበት። በዓመቱ ሱፐርማን ተመልሷል፣ ያ የሞቱን ዋጋ እንደቀነሰው አውቃለሁ፣ የነዚያን አራት እትሞች አሰራር ግን አይነካውም።

የባለቤትነቱ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የማርቭልን ሚሊዮን ኮፒዎች የሸጡት ሰዓሊዎች የሚሰሩት በቅጥር ነበር፣ የፈጠሩት ገጸ ባህሪ የኩባንያው ነው፣ ቲሸርት ላይ ቢታተም ፖስተር ቢሆን የሚወስን እሱ ነው። እና ቶድ ማክፋርሌን፣ ጂም ሊ፣ ላይፍልድ፣ ማርክ ሲልቬስትሪ፣ ኤሪክ ላርሰን፣ ጂም ቫለንቲኖና ዊልስ ፖርታሲዮ፣ ያኔ ስማቸው ብቻ ኮሚክ የሚያሸጥ ሰዎች፣ ጥለው ወጡና በ1992 ኢሜጅ የሚባለውን ኩባንያ መሰረቱ። ህጉ ቀላል ነው፣ ኩባንያው የራሱን ስምና አርማ ብቻ ይይዛል፣ የፈጠርከው ያንተ ነው። ጸሐፊና አርታኢ ሳይኖር ሰዓሊ ብቻውን ሲቀር ምን እንደሚሆንም አሳዩን፣ ታሪኩ ቀጫጫ፣ እትሙ የሚዘገይ፣ ባለሱቁ ገንዘቡን አስሮ የሚጠብቅ። ግን ማክፋርሌን እዛ ያወጣውን የስፓውንን ቀለም እዩ፣ ስቲቭ ኦሊፍ በኮምፒውተር የቀባው ነው፣ ጨለማው ውስጥ ያለው ቀይ ካባ ከዛ በፊት በነበረው ህትመት በዛ መልኩ አይታሰብም ነበር።

ስፓውን ቁጥር 10ን ዛሬ ድረስ መርሳት አልቻልኩም። በ1993 ነው፣ ማክፋርሌን ለተወሰኑ እትሞች ሌሎች ጸሐፊዎችን ጋብዞ ነበር፣ ይሄኛውን ዴቭ ሲም ጻፈው። ስፓውን አንድ እስር ቤት ኮሪደር ውስጥ ይሄዳል፣ ከፍርግርጉ መሀል እጆች ወጥተዋል፣ ጓንቶቹን አይተህ የማን እጅ እንደሆነ ታውቃለህ፣ ሁላችንም የምናውቃቸው ጀግኖች ናቸው። ፈጣሪዎቻቸው ደግሞ ጭንቅላታቸው በጨርቅ ተሸፍኖ ታስረዋል። ስም አይጠራም፣ መጥራትም አላስፈለገውም። የሚያሳዝነው፣ ከዛ አንድ እትም በፊት በቁጥር 9 ኒል ጌይማን ጽፎት አንጄላ የምትባል ገጸ ባህሪ ገብታ ነበር፣ በሷና በሌሎች መብት ጉዳይ ጌይማን ማክፋርሌንን ከሶት በ2002 ዳኝነቱ ለጌይማን ነው የሆነው። የፈጠርኩት የኔ ነው ብሎ የወጣ ሰው ሌላው ያንኑ ሲለው መስማት ከበደው ማለት ነው።

በዛው 1993 ደግሞ ድዌይን ማክዳፊ፣ ዴኒስ ካዋን፣ ማይክል ዴቪስና ዴሪክ ዲንግል ማይልስቶን የሚባል ኩባንያ አቋቋሙ፣ ጥቁር አሜሪካውያን የራሳቸውን ጀግኖች በራሳቸው ባለቤትነት ይዘው፣ የሱፐርማን አሳታሚ ዲሲ እያተመና እያከፋፈለ። ሰው ከኮሚኮቻቸው ስታቲክን ነው የሚያስታውሰው፣ እኔ ግን ሃርድዌር ቁጥር 1ን አስበልጣለሁ። ከርቲስ ሜትካፍ የሚባል ፈልሳፊ ነው፣ ባስተማረውና በቀጠረው ሰውዬ ድርጅት ውስጥ የፈጠራቸው ነገሮች ብዙ ገንዘብ አምጥተዋል፣ ከትርፉ ይድረሰኝ ብሎ ሲጠይቅ ሰውዬው አንተ ተቀጣሪ ነህ ይለዋል፣ ልልቀቅ እንዳይል ውሉ አስሮታል። ታሪኩ የሚከፈተው በልጅነቱ በነበረው ወፍ ነው፣ ወፉ ከሽቦ ቤቱ ወጥቶ ይበራል፣ ከዛ የመስኮቱ መስታወት ላይ ይላተማል። ይሄ ነገር ኢሜጅ ከተመሰረተ በዓመቱ መጻፉን ልጅ ሆኜ አላስተዋልኩም፣ ዘንድሮ ሳነበው ግን ያች አንድ ገጽ ላይ ቆየሁ።

ሌሎቹን የዘመኑን ዝነኛ ስራዎች፣ ናይትፎልን፣ ኤጅ ኦፍ አፖካሊፕስን፣ የአሌክስ ሮስን በእጅ የተቀቡ ገጾች አልነካሁም፣ ስለነሱ ብዙ ተብሏል።

አሁን እያነበብኩ ያለሁት የኤሪክ ላርሰንን ሳቬጅ ድራገን ነው። ከኢሜጅ መስራቾች ውስጥ በ1992 የጀመረውን ይዞ ራሱ እየጻፈ ራሱ እየሳለ እስካሁን የዘለቀው እሱ ነው። ታሪኩ ውስጥ ጊዜ እንደኛው ይሄዳል፣ አንድ ዓመት ካለፈ ገጸ ባህሪዎቹም በአንድ ዓመት ያረጃሉ። ድራገን በ2017 ሞተ፣ አልተመለሰም፣ መሪውን ቦታ የያዘው ልጁ ማልኮም ነው፣ እሱም አሁን አግብቶ የልጆች አባት ሆኗል። እኔ ገና ማልኮም ህጻን የሆነበት ላይ ነኝ።