ውሃ አመላላሹ ሯጭ

ትናንት ሰፈር ውሃ ጠፍቶ ቢጫዋን ጀሪካን ተሸክሜ ዳገቱን ስወጣ፣ ሃያ ሊትር እኮ ነች፣ እጀታዋ መዳፌን ሰንጥቆት በየአስር እርምጃው እያስቀመጥኩ ሳርፍ ስፒሪዶን ሉዊስ ትዝ አለኝ። በ1896 እ.ኤ.አ. አቴንስ ላይ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፈው ግሪካዊ ነው፣ ስራው ደግሞ ምን መሰላችሁ፣ ውሃ ማመላለስ! 40 ኪሎ ሜትር ገደማውን በ2 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ጨረሰው።

ማታ ፒያሳ ማኪያቶ ስንጠጣ ይህንኑ ላጎቴ ብነግረው "ማራቶንማ ከጥንት ከግሪኮቹ የመጣ ነው" አለኝ። ኧረ አይደለም ጋሼ! የጥንቱ ኦሎምፒክ ይካሄድበት በነበረው ኦሎምፒያ ላይ ማራቶን የሚባል ነገር ጭራሽ አልነበረም፣ ሃሳቡን ያመጣው ሚሼል ብሬያል የሚባል ፈረንሳዊ ነው፣ ኦሎምፒክን እንደገና ያስጀመረው ደግሞ ጓደኛው ኩበርታ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ776 ተመዘገበ የሚባለው የመጀመሪያው ውድድር አንድ ሩጫ ብቻ ነው፣ 192 ሜትር ገደማ፣ አሸናፊው ኮሮይቦስ ደግሞ ምግብ አብሳይ ነበር ይባላል። ሽልማቱም ወርቅ ምናምን ሳይሆን የወይራ ቅጠል አክሊል፣ ልክ እኛ ቅዳም ሹር ቄጤማ ራሳችን ላይ እንደምናስረው በሉት። በኋላ ደግሞ ራቁታቸውን ነበር የሚሮጡት (በጎንደር የክረምት ብርድ አይሞከርም)።

አጎቴ ዝም ብሎ ሰምቶኝ ሲያበቃ "ታዲያ አበበ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ገባ አይደል? ያንተ ውሃ አመላላሽ 43 ደቂቃ ዘግይቷል" ብሎ ሂሳቡን ከፈለ።