ረግረጉ ለእኔ ይሁን

ቅዳሜ ማታ ነው። ቤቱ ጸጥ ብሏል። የወንድሜ ልጅ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ እኔ ጋ ነበር፤ አሁን አባቱ መጥቶ ወሰደው። ነገ ከረሳሁት ስለሚቆጨኝ ኮምፒውተሩን ሳላጠፋ ይህን ልጻፍ ብዬ ቁጭ አልኩ።

ልጁ 12 ዓመቱ ነው። ባለፈው ወር የድሮውን ሄሮስ ኦፍ ማይት ኤንድ ማጂክ 3 ጭኜ አሳየሁት። ከተማ እየገነባህ ጦር የምታዘምትበት ጌም ነው። በፈረንጆቹ 1999 የወጣ ነው፤ ከልጁ በብዙ ዓመት ይበልጣል። ስዕሉን አይቶ ይስቅበታል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልሳቀም። ዘጠኙን ወገኖች አንድ በአንድ ከፍቶ ከተማቸውን አየ። የወታደሮቻቸውን ምስል አየ። ከዚያ ዞር አለና፣ «አክስቴ፣ የትኛው ነው የሚበልጠው?» አለኝ።

ወዲያው መልስ አልሰጠሁትም። እኔም በእሱ ዕድሜ አካባቢ ሆኜ ይህንኑ ጠይቄ ነበር። የጠየቅኩት ደግሞ አባቱን ነው።

ያኔ ሳሎናችን ውስጥ አንዲት ኮምፒውተር ነበረች። ታላቅ ወንድሜ ከጓደኛው ሲዲ ተውሶ ጫነልን። ቤት ውስጥ ኢንተርኔት የለም፤ ስለዚህ በአንድ ኪቦርድ ተራ በተራ ነበር የምንጫወተው። እሱ ሲጫወት እኔ ካርታውን እንዳላይ ፊቴን ወደ መጋረጃው አዞራለሁ። የእኔ ተራ ሲደርስ እሱ ይዞራል። «ዞር በይ! ስታዪ አይቼሻለሁ!» ይለኛል። መጋረጃው ላይ የነበሩትን አበቦች ስንት ጊዜ እንደቆጠርኳቸው። መብራት ይሄዳል ብለን እየተሳቀቅን በየተራው ሴቭ እናደርጋለን።

ውጤት የምጽፍበት ባለ 50 ገጽ ደብተር ነበረኝ። አሁንም አለ። ዛሬ ከሻንጣ ውስጥ ፈልጌ አወጣሁትና ለልጁ አሳየሁት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ይላል፦ «ካስል፣ ተሸነፍኩ። ካስል፣ ተሸነፍኩ። ካስል፣ መብራት ጠፋ። ካስል፣ ተሸነፍኩ።»

ካስል የሚባለውን ወገን የምመርጠው ለመላእክቱ ስል ነበር። የቅዱስ ሚካኤልን ስዕል ግድግዳ ላይ እያየች ላደገች ልጅ ሌላ ወገን እንዴት ይታያታል? ሰይፍ ይዞ፣ ክንፉን ዘርግቶ ቆሟል። ሊቀ መልአክ ሲሆን የሕይወት ነጥቡ 250 ይደርሳል። በአንድ ውጊያ አንድ ጊዜ የወደቁ ወታደሮችን ከሞት ያስነሳል። ከዚህ የሚበልጥ ምን አለ?

የወንድሜ ወገን ስትሮንግሆልድ ነበር። የአረመኔዎቹ ከተማ። ጎብሊን፣ ተኩላ ጋላቢ፣ ኦርክ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ቢሄሞት የሚባል ግዙፍ አውሬ። የአስማት ቤታቸው ከሦስተኛ ደረጃ አያልፍም፤ የሌሎቹ ብዙዎቹ እስከ አምስተኛ ይሄዳሉ። «እነዚህ ምን አላቸው?» ብዬ አስብ ነበር። እኔ መላእክቴን ለማግኘት ወርቅ ሳጠራቅም፣ እሱ አውሬዎቹን እየነዳ ከተማዬ በር ላይ ይደርሳል።

ያን ጊዜ ያልገባኝን ዛሬ ለልጁ በቁጥር አስቀመጥኩለት። የመላእክቱ ቤት ሲሠራ 20,000 ወርቅ ይፈልጋል። የቢሄሞቱ ዋሻ 10,000 ነው። ቤቱ አልቆ አንድ መልአክ ልቅጠር ስትል 3,000 ወርቅና አንድ ዕንቁ ትከፍላለህ። ቢሄሞቱ 1,500 ነው። ከተማህ መጀመሪያ የሚያስገባልህ ደግሞ በጌሙ አንድ ቀን 500 ወርቅ ብቻ ነው። በቀን መገንባት የሚቻለው አንድ ነገር ነው፤ ሁለት አይፈቀድም። በሰባት ቀን አንዴ አዲስ ወታደር ይመጣል። ምሽጉን እስከ መጨረሻው ደረጃ ካሳደግከው የሚመጣው ቁጥር እጥፍ ይሆናል፣ እሱም ግን ገንዘብና ቀን ይበላል። ልጁ ጣቱን እያጠፈ ሲቆጥር ቆየና፣ «እና ሁሉም ነገር የመጀመሪያው ሳምንት ነው በይኛ!» አለ። እኔ ይህን ለማወቅ ስንት ገጽ ደብተር ፈጅቻለሁ!

እኔ ወገን የምመርጠው መጨረሻ ላይ የሚመጣውን ፍጡር አይቼ ነበር። አብዛኛው ጌም ግን እዚያ ሳይደርስ ያልቃል። ስለዚህ አሁን አንድ ወገን ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው በሁለተኛው ቀን ምን ይዤ ከከተማ እወጣለሁ፣ በአምስተኛው ቀን የትኛውን ማዕድን እይዛለሁ፣ ሰባተኛው ቀን ሲያልቅ ስንት ወታደር ቀርቶኛል የሚለውን ነው። ዘንዶና መልአክ ከዚያ በኋላ የሚታሰቡ ናቸው።

ካስል ደካማ ነው ማለቴ ግን አይደለም። እንዲያውም ጠንካራ ከሚባሉት አንዱ ነው። ቀስተኞቹ ሲያድጉ በአንድ ተራ ሁለት ጊዜ ይተኩሳሉ። ንጉሣዊ ግሪፊን የሚባለው ባለ ክንፍ አውሬ ደግሞ ያስደንቀኛል፤ ስንት ጠላት ቢመታው ለእያንዳንዱ መልሶ ይመታል። መላእክቱን ሳይጠብቅ በእነዚህ ብቻ የሚያሸንፍ ሰው ሞልቷል። እኔ ግን ግሪፊኖቹን እንደ ዘበኛ ከተማ ውስጥ አስቀምጬ መልአክ ስጠብቅ ነው የምሸነፈው።

ስለ ኔክሮፖሊስ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፤ በእሷ ምክንያት ከወንድሜ ጋር ተጣልተናል። የሙታን ከተማ ነች። ጦሯን የሚመራው ጀግና ካሸነፈ በኋላ ከወደቁት ጠላቶች የተወሰኑትን አጽም አድርጎ ወደ ጦሩ ያስገባል። ችሎታው ሲያድግ 10፣ 20፣ ከዚያ 30 በመቶ ይደርሳል። ሌላው ወገን በውጊያ ሰው ሲያልቅበት፣ እሷ በውጊያ ትወፍራለች። ቫምፓየሮቿ ሲያድጉ ሲመቱ አይመለስባቸውም፤ ከመቱት ደም እየጠጡ የሞተባቸውን ይተካሉ። በትልቁ ካርታ፣ 144 በ144 በሆነው ላይ፣ በጌሙ አቆጣጠር ሁለት ወር ከተተወች አትቻልም። አንድ ክረምት ሙሉ ይህችን ከተማ ይዤ ወንድሜን አሸነፍኩት። ደብተሩ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ በተከታታይ «አሸነፍኩ» ተጽፏል። አሥራ ሁለተኛውን ልጀምር ስል ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። «አንቺ እኮ አይደለሽም የምታሸንፊው፣ አጽሞቹ ናቸው» አለኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አብሮኝ አልተጫወተም። ብቻዬን ከኮምፒውተሩ ጋር ተጫወትኩ፣ አሸነፍኩ፣ ምንም አልመሰለኝም። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ኔክሮፖሊስ የለችም። ደብተሩ ላይ በትልቁ ጽፈን ሁለታችንም ፈርመንበታል።

በኋላ በማስፋፊያው፣ ማለትም በጌሙ ተጨማሪ ክፍል፣ የመጣው ኮንፍላክስ የተባለ ወገንም ዕጣው ተመሳሳይ ነው። ሌላው በሳምንት አንድ ትልቅ ፍጡር ሲያገኝ እሱ ሁለት ያገኛል። ትልቁ ፍጡሩ፣ ፊኒክስ የሚባለው የእሳት ወፍ፣ በጌሙ ውስጥ ፈጣኑ ነው፤ ፍጥነቱ 21። በውድድር ላይ የሚከለክሉት ብዙ ናቸው፣ እኔም ከልክያለሁ። ልጁ ትንሽ አኩርፎ ነበር።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ነገርኩት። ራምፓርት ለሚያጠራቅም ሰው ጥሩ ነው፤ ግምጃ ቤቱ በየሳምንቱ ባለህ ወርቅ ላይ 10 በመቶ ይጨምርልሃል። ታወር አስማት ለሚወድ። ደንጀን ጥቁር ድራጎኑ ምንም ዓይነት አስማት አይነካውም፣ ሜዳውን ሁሉ በእሳት ብታነድደው እሱ ቆሞ ያይሃል፤ ችግሩ ግን የራስህ በጎ አስማትም አይሠራበትም። ኢንፈርኖን እኔ አልወደውም፤ ሰይጣኖቹ ኃይለኞች ናቸው፣ እስከዚያ ድረስ ግን መንገዱ ከባድ ነው። በእሱ የሚያሸንፍ ሰው ሳይ አከብረዋለሁ።

የእኔ ፎርትረስ ነው። የረግረጉ ከተማ።

ራሴ አልመረጥኩትም። ከኔክሮፖሊስ ጠብ በኋላ ወንድሜ ዕጣ እንጣል አለ። የወገኖቹን ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ቆብ ውስጥ ከተተ። ለእኔ ፎርትረስ ወጣ። ልቤ ስብር ነው ያለው። ጭቃ፣ ጭጋግ፣ እንሽላሊት መሳይ ቀስተኛ፣ ዝንብ መሳይ እባብ። የሚያምር ነገር የለውም። የአስማት ቤቱም እንደ ስትሮንግሆልድ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ያቆማል። ሦስት ቀን ያህል እያዘንኩ ተጫወትኩ።

ከዚያ አንድ ነገር አየሁ። ወታደሮቼ አይሞቱም። ጀግኖቹ ከሁሉም በላይ መከላከልን ነው የሚያሳድጉት። ሌላ ወገን ይዤ በአምስተኛው ቀን ግማሹ ጦር ያልቅብኝ ነበር፤ እዚህ ሁሉም አለ። የሌላ ወገን ጦር ረግረጉ ውስጥ ሲገባ እግሩ ይያዛል፣ የእኔ እንደ ልቡ ይሄዳል። እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ ቸኩዬ የምዘምት ሰው አይደለሁም። ቤቴን ጠብቄ፣ የመጣውን አድክሜ፣ ከዚያ የምወጣ ነኝ። ካስል ሆኜ ስጣደፍ የኖርኩት የሌላ ሰው ጨዋታ ነበር ማለት ነው። ወንድሜ ደግሞ ተቃራኒዬ ነው፤ እንጀራ እንኳን ቆሞ ነው የሚበላው። ስትሮንግሆልድ ለእሱ የተሠራ ይመስላል።

እና ጎርጎኖቹ። ምሳ በልተን ከጀመርነው ጌም ይህችን መጻፍ አለብኝ። ልጁ እኔ የነገርኩትን ሁሉ ሰምቶ ካስልን መረጠ። ደስ አለኝ፤ እኔም መርጬው ነበር። በአራተኛው ሳምንት አራት መላእክት ይዞ መጣ። በፊት ረድፍ አሰልፏቸዋል። እኔ 17 ያደጉ ጎርጎኖች አሉኝ። ኮርማ መሳይ፣ ቆዳቸው እንደ ብረት ቅርፊት የሆነ። እሱ ለአራቱ 12,000 ወርቅ ከነዕንቁው ከፍሏል። የእኔዎቹ አንዱ 600 ነው፤ አሥራ ሰባቱ 10,200።

የጎርጎን ነገር ዓይኑ ላይ ነው። እያንዳንዱ ያደገ ጎርጎን ሲመታ፣ ከጠላት አንዱን በዕይታው ብቻ ሊገድል 10 በመቶ ዕድል አለው። የሕይወት ነጥቡ 2 ይሁን 200 ለዕይታው ግድ አይሰጠውም። ስለዚህ ውድ ፍጡር ላይ ነው የሚሠራው። አይጥ ላይ ብታባክነው ምን ዋጋ አለው?

ልጁ መጀመሪያ መላእክቱን ባለ ብዙ ራሷ አውሬዬ፣ በሃይድራዬ ላይ ላካቸው። ሃይድራዬ ወደቀች። እጁን አጨበጨበ። ቀጥሎ የእኔ ተራ ደረሰ። ጎርጎኖቹን አስጠጋሁና መታሁ። በምቱ አንድ መልአክ ወደቀ። ከዚያ ያ የዕይታው ድምፅ መጣ፣ ያ የማውቀው ድምፅ። ሁለት መላእክት ተጨምረው ወደቁ። አንድ ብቻ ቀረ።

ልጁ ከወንበሩ ተነሳ። «አክስቴ! ምንም አልተነኩም ነበር እኮ! ሙሉ ነበሩ እኮ!» አለ። አፉ እንደተከፈተ ስክሪኑን አየ። ከዚያ የጎርጎኑን ምስል ተጭኖ የተጻፈውን ቀስ ብሎ አነበበ። ሁለት ጊዜ አነበበ። ምንም አላልኩትም። ያቺን ፊት እኔ አውቃታለሁ፤ አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ አለች።

አባቱ የመጣው እኛ ገና ሳንጨርስ ነው። ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ከበስተኋላችን ቆመ። «ጫማህን አድርግ፣ እንሂድ» አለና ራሱ ግን አልሄደም። ጎንበስ ብሎ አየ። ማን የት እንዳለ፣ ስንተኛው ሳምንት እንደሆነ ጠየቀ። ደብተሩን አየና አንስቶ ገለጠው። ፊርማው ያለበት ገጽ ላይ ቆመ። ለብዙ ዓመት ስለዚህ ጌም አንድም ቀን አውርተን አናውቅም። ሥራ፣ ልጆች፣ የእናታችን ሕመም፣ ሌላ ወሬ አልነበረንም።

ልጁ በሩ ላይ ሆኖ፣ «በሚቀጥለው ቅዳሜ ፎርትረስን እኔ ነኝ የምይዘው» አለኝ።

«ረግረጉ የእኔ ነው፣ ሌላ ፈልግ» አልኩት።

ወንድሜ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠ። «ስትሮንግሆልድን ግን እንዳትነኩብኝ» አለ።

ሦስት ስንሆን በየተራው ሁለት ሰው ፊቱን ማዞር አለበት። አንድ ወንበር ከወጥ ቤት አምጥቼ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኩ።