ለብጉር ለምን ሁለት መድኃኒት?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። «ሐኪሙ ለብጉር ሁለት ዓይነት ቅባት አዘዘልኝ፤ አንዱ አይበቃም?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ቀልቶ ለሚያብጥ፣ መግል ለሚቋጥር ብጉር ብዙ ጊዜ አይበቃም።

ክሊንዳማይሲን አንቲባዮቲክ ነው። ብቻውን ለወራት ሲቀባ ባክቴሪያው ይለምደዋል። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የሚባለው ባክቴሪያ ገዳይ ቅባት ሲታከልበት ግን የመላመድ ዕድሉ ይቀንሳል። አዳፓሊን ሥራው ሌላ ነው፤ የተደፈነውን የቆዳ ቀዳዳ ይከፍታል። የሚቀባው ማታ ነው። እርጉዝ ሴት ግን አትጠቀመው።

በቀደም አንዲት እናት ከሳቢያን ልጃቸውን ይዘው መጡ። የልጅቷ ጉንጭ ተላልጧል፣ አፏ ዳርና ዳር ተሰነጣጥቋል። «ቶሎ ይሻላት ብዬ ጠዋት ማታ አብዝቼ ቀባኋት» አሉኝ። አንጀቴን በሉት። «እናቴ፣ ለመላው ፊት አተር የምታክል ትበቃለች» ብዬ ጣቴ ላይ ጨምቄ አሳየኋቸው። መጀመሪያ አንድ ቀን እየዘለሉ መቀባት፣ ቆዳው ሲደርቅ ማለስለሻ መጨመር ይረዳል። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የፎጣና የሻሽ ቀለም እንደሚያነጣም ነገርኳቸው።

የድሬ ፀሐይ ደግሞ ምሕረት የላትም። አዳፓሊን የሚቀባ ሰው ቀን ቀን የፀሐይ መከላከያ ያስፈልገዋል።

የሚያንገበግበኝ በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብሎ መተው ነው። ለውጡ በደንብ የሚታየው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያ ጓደኛ የሰጣችሁን ስቴሮይድ (እብጠትና ቅላት የሚያበርድ መድኃኒት) ያለበት ክሬም አትንኩ። ቅላቱን ለጊዜው ቢያጠፋም ሲቆም ብሶበት ይመለሳል።